በካፒቴኑ መቃብር ላይ የበራው ጧፍ

ባለፈው እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ አጠገቤ የቆመች ሴት ጧፏን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አጠፋችው። ጭሱ ቀጥ ብሎ መጣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የጠፋ ጧፍ ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ እኔን ግን ይዞኝ ይሄዳል። እንደምንም ብዬ የግቢው ዛፍ ሥር ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ፣ "እማማ፣ አመመዎት እንዴ? ጠበል ላምጣልዎት?" አለችኝ። "የለም ልጄ፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ራቅ ብዬ ሄጄ ነው" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። የዛሬ ጧፍ ግማሹ ሻማ ነው፣ ሲጠፋ ጋዝ ጋዝ ይላል። የድሮው ሲጠፋ ማር ማር ይሸታል። የእሷ የድሮው ዓይነት ነበር፤ ከየት እንዳገኘችው ሳልጠይቃት መቅረቴ ይቆጨኛል።

የሰምን ሽታ የማውቀው ከእናቴ እጅ ነው። ያደግኩት ሾላ ነው፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ። ዛሬ መገናኛ ስትቆሙ የታክሲ ረዳቱ፣ ካልሲ ሻጩ፣ የስልክ ሽፋን ሻጩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮህባችኋል፤ ያኔ እዚያ ቦታ ላይ የሚጮኸው እንቁራሪት ነበር። እናቴ ጧፍ ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ጥጡን ራሷ ትፈትላለች፣ ፈትሉን ደራርባ ትገምደዋለች፣ የቀለጠው ሰም ውስጥ ነክራ ታወጣና ትኩስ ትኩሱን በመዳፏ ታድበለብለዋለች። መዳፏ ከመላጡ የተነሣ መስመር አልነበረውም። ጸደይ ሲሆን ንቦች ሽታውን ተከትለው ቤታችን ይገቡ ነበር፤ እንግዳ ሲሸሽ እኛ አብረናቸው ምሳ እንበላለን። አንዱ ጧፍ በአምስት ሳንቲም፣ ለበዓል ሲሆን ረዘም ያለው በአሥር ሳንቲም ይሸጣል። በአሥር ሳንቲም ያኔ ሎሚ፣ ሚጥሚጣና የልብስ ሳሙና ገዝተሽ መልስ ይዘሽ ትመጫለሽ። መስከረም ጠብቶ ሰፈሩ ሁሉ አዲስ ልብስ ሲያወጣ እናቴ ያንኑ ቀሚሷን እንደገና ጥቁር ትነክረዋለች። ቀሚሱ ቢያረጅም ቀለሙ በየዓመቱ አዲስ ነበር። እየሠራች የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት፣ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው ሲላት ሰምቼ አላውቅም።

ለሰው ሁሉ ጧፉን ሸጥኩለት በየደጅ፣
ያንተ ብቻ ቀረ ሳይበራ በእጅ።

"ያንተ" የምትለው አባቴን ነው። አባቴ ቡልጋ ውስጥ ንብ ያረባ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ከመንደራችን በላይ ኮረብታው ላይ ምሽግ ተሠራና አንድ ካፒቴን መጣ። አባቴ ጫካ ላሉት አርበኞች ማር ያቀብላል ብለው ያዙት። አቀብሏል፤ እናቴ ክዳ አታውቅም። "ማር ነው የሰጠ፣ ጥይት አልሰጠ" ትል ነበር። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የገበያው ዋርካ ላይ ሰቀሉት። ካፒቴኑ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጦ አየ። ሬሳው እንዳይነሣ ዘበኛ ቆመበት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርክም፤ የሚቀበር ነገር አልተገኘም። እኔ ያኔ በእናቴ ሆድ የስድስት ወር ነበርኩ። ሬሳ ለሌለው ሰው ልብሱ ነው የሚለቀስለት፤ ጋቢውንና እጀ ጠባቡን አልጋ ላይ አጋድመው አለቀሱለት። ለቅሶው ሲበተን እናቴ ተነሥታ ከአባቴ ቀፎ የተረፈውን ሰም አቀለጠችና አንድ ጧፍ ሠራች። የክንድ ያህል ትረዝማለች፣ ወፈር ያለች ናት። "ይህቺ የምትበራው በገዳዩ መቃብር ላይ ነው። እዚያው ተዘቅዝቃ ትጠፋለች" ብላ በጨርቅ ጠቀለለቻት።

በጥንቱ ሥርዓት ጽኑ እርግማን እንዲያ ነበር የሚረገም፤ ጧፍ አብርቶ ዘቅዝቆ። እናቴ በዚያ ላይ ሌላ ነገር ጨመረችበት፤ ጧፉ ሳይጠፋ ለአባቴ ተዝካር አላወጣም አለች። ለሞተ ሰው በአርባ ቀኑ ድሃ የሚበላለት፣ ነፍሱ የሚታሰብለት እሱ ነው፤ ያንን ከለከለችው። የነፍስ አባቷ ከቡልጋ ሾላ ድረስ እየመጡ ይለምኗት ነበር፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ አስታውሳለሁ። "ልጄ፣ የባልሽ ነፍስ ምን ትሁን?" ይሏታል። "ነፍሱ ትጠብቃለች አባቴ። እኔም እየጠበቅኩ ነው" ትላቸዋለች። ምሽጉ ውስጥ አስተርጓሚ የነበረ ሰውዬ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ጧፍ ይገዛን ነበር፤ የካፒቴኑን ሙሉ ስምና የተወለደበትን ከተማ የነገራት እሱ ነው። እሷም ለእኔ እንደ ዳዊት አስጠናችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። መጀመሪያ የጻፍኩት የራሴን ስም ነው። ሁለተኛ የእሱን፣ እንዳልረሳው። ከዚያ ወዲህ ጽፌው አላውቅም፣ እዚህም አልጽፈውም። እናቴ በጠራችው ቁጥር ትተፋ ነበር፤ ወረቀት ላይ ደግሞ አይተፋም።

እናቴ ስትሞት ጧፏን እጄ ላይ አስቀመጠች። "ወንድም የለሽም፣ ወንዱ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "ስትዘቀዝቂው ይበረታል፤ የራሱን ሰም እየጠጣ ሽቅብ ይነዳል። እንዳትደነግጪ። ቃሉን ጨርሺና ከድንጋዩ ጋር ጨፍልቂው።" እንግዲህ እዩኝ፤ ነጠላ ለባሽ ድሃ፣ ጣሊያን አገር እንዴት ብዬ ነው የምሄደው? ቦሌ በልጅነቴ ሜዳ ነበር፣ ገብስና ባቄላ። አውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ ወዲህ እሑድ እሑድ ሰው ልጆቹን አልብሶ አውሮፕላን ሊያይ አጥሩ ሥር ይሰለፋል። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ተተኩሰው፣ ወንዶቹ ሱሪያቸው ከታች የተንቦረቀቀ፣ አንዱ ሬዲዮኑን ትከሻው ላይ አድርጎ። እኔም ልጆቼን ይዤ እሄድ ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሁሉ ያጨበጭባል፤ እኔ አንዱን ዘበኛ ጠጋ ብዬ፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ሮማ ይደርሳል?" እለዋለሁ። "ሮማ ቁርስ ነው ለሱ!" አለኝ አንድ ቀን። ያን ቀን አላጨበጨብኩም። መሄጃዬን አየሁ።

የደረስኩት ግን ጸጉሬ ከነጣ በኋላ ነው። ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ሊዲያ አየር መንገድ ገባች፣ አስተናጋጅ ሆነች፣ ለቤተሰብ የሚሰጡት ትኬት ደረሳት። ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሁን ያለሁበት ቤት፣ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ፣ "እማዬ፣ የት ልውሰድሽ? ኢየሩሳሌም? ዱባይ?" አለችኝ።

"ጣሊያን።"

"ጣሊያን? ጣሊያን ምን አለሽ?"

"ሰው አለኝ።"

"ማን?"

"አባቴን የሚያውቅ ሰው ነው። ሞቷል፣ መቃብሩን ልሳለም" አልኳት። ሙሉው ውሸት አይደለም፤ አባቴን ያውቀዋል። ስሙንና አገሩን በአንድ ትንፋሽ ስነግራት ገረማትና ስልኳን ነካካች። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ አገኘችው። የከተማው ሰዎች መቃብሩን ፎቶ አንሥተው አውጥተውታል። እናቴ አርባ ዓመት የተሸከመችው ሰውዬ በአንድ ጣት መጣ።

ቦሌ ፍተሻው ላይ የነበረው ልጅ ጧፏን ከቦርሳዬ አውጥቶ አገላበጣት። "እማማ፣ ይሄ ምንድነው?" "ጧፍ ነዋ!" "እሱንማ አየሁት፤ ጠቆረብኝ እኮ!" "አርጅቶ ነው፣ እኔም ጠቁሬያለሁ።" ሳቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚያ ደብር ሲያበሩት እኔንም ያስቡኝ፣ ገብረ ሥላሴ ነኝ" አለኝ። ምን ልበለው? እሺ ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ አነሣዋለሁ፣ ለምን እንደማነሣው እሱ ባያውቅም።

ሮማ ስንደርስ ሊዲያ መጀመሪያ አንድ ዋሻ ወሰደችኝ። በትልቁ ጦርነት ጀርመኖች ከተማዋን በያዙ ጊዜ የሮማን ሰዎች እጃቸውን የፊጥኝ አስረው የገደሉበት ነው አለችኝ። ውስጡ ይበርዳል፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ። ከዋሻው አጠገብ መቃብሩ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፣ የእያንዳንዱ ስም ተጽፎ፣ የብዙዎቹ ፎቶ ተለጥፎ፣ አበባ ተቀምጦ። የተማሪ ቤት ልጆች ገብተው አንድም ሳይተነፍስ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን እንደ ልጅ ራስ ይዳብሳል። አለቀስኩ፤ የሰው ልጅ ነኝ። እያለቀስኩ ግን ተናደድኩ። ሐዘን እንዲህ እንደሚያዝ ያውቁ ኖሯል! የተገደለን ሰው ስሙን ጠብቀው፣ አጥንቱን ለይተው፣ ልጅ ሲወልዱ አምጥተው እያሳዩ! ታዲያ እኛ ዘንድ ሲመጡ ነው የጠፋባቸው? ሊዲያ ሶፍት ስታቀብለኝ፣ "አባትሽን አስታወስሽ እማዬ?" አለችኝ። "ዋርካውን አስታወስኩ" አልኳት።

በማግስቱ አውቶቡስ ይዘን ወደ ካፒቴኑ ከተማ ወጣን። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ የወይን ተክልና የድንጋይ አጥር። እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ጧፏን ከጨርቁ ፈትቼ ሁሉን ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች።

"እማዬ! ሰውየው እኮ ሞቷል!"

"አውቃለሁ። በሕይወት ቢኖርማ ጧፍ ይበቃኛል?"

"ኧረ በፈጣሪ! ፖሊስ ቢመጣስ?"

"ጧፍ አበራች ብሎ?"

ክብሪቱን ግን የገዛችልኝ እሷ ናት።

መካነ መቃብሩ ንጹሕ ነው፣ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ረጃጅም ጥድ የቆመበት። አገኘነው። ነጭ እብነ በረድ፣ ቀይ አበባ በማሰሮ፣ ቀይ ብርጭቆ ውስጥ የምትበራ ትንሽ መብራት። ፎቶው በሸክላ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ፣ ጺሙ ተስተካክሎ፣ ፈገግ ብሎ። አልጋው ላይ ነው የሞተው። የልጅ ልጅ አቅፎ። አባቴ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ክብሪቱን ጫርኩና ጧፉን አበራሁት። ማር ማር ሸተተ፤ የአባቴን ቀፎ ያን ቀን ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸተትኩት። ዘቀዘቅኩት። እናቴ እንዳለችው በረታ፣ ሽቅብ ወደ ጣቴ ነደደ። "እንደ ጧፍ ይንደድ፣ እንደ ሰም ይቅለጥ። ስሙን የሚጠራ፣ መቃብሩን የሚያጠጣ አይኑረው" አልኩና ከእብነ በረዱ ጋር ጨፈለቅኩት። ጠፋ። ሊዲያ ፊቷን አዙራ ቆማለች። እኔ ወገቤን ይዤ ልቃና ስል ከኋላዬ ጠጠሩ ተንኳኳ።

እኩያዬ የሆነች ፈረንጅ ናት። ሰማያዊ ሽርጥ፣ ግራጫ ሹራብ፣ በእጇ ሙሉ የውኃ ማጠጫ። ነጠላዬን አየች፣ የጠፋውን ጧፍ አየች፣ ፊቷ በራ። ምን እንደመሰላት ገባችሁ? ከሩቅ አገር መጥቼ ለሰውየው ጧፍ አብርቼ ነፋስ ያጠፋብኝ መሰላት። በአፏ "ፉፉ" ብላ ነፋሱን አሳየችኝ፣ አዘነችልኝ። ምን ልታደርግ ነው ሳልል ጧፉን ከእጄ ወሰደች፣ በሽርጧ ጠረገችው፣ ከቀይዋ መብራት ለኮሰችና አበባው ማሰሮ አፈር ውስጥ ቀጥ አድርጋ ተከለችው! ከዚያ ወደ ፎቶው ጠቆመች፣ ደረቷን ነካች። "ፓፓ" አለችኝ።

ልጁ ናት። የእናቴ ጧፍ፣ የአባቴ ሰም፣ ቀጥ ብሎ ለካፒቴኑ ይበራል። ተዝካር የተከለከለው የአባቴ ቀፎ ለገዳዩ ያበራል!

"ንገሪያት!" አልኩ ሊዲያን። ሊዲያ በእንግሊዝኛና በምታውቃት ትንሽ ጣሊያንኛ አንድ ነገር አለቻት። ሴትዮዋ ዕንባዋ መጣና እጄን ይዛ ሳመችኝ።

"ምንድነው ያልሻት?"

"እማዬ..."

"ምንድነው ያልሻት!"

"ልትጸልይለት ነው የመጣችው አልኳት። ፕሊስ እማዬ፣ ተያት። አሮጊት እኮ ናት!"

"እኔስ ኮረዳ ነኝ?"

እኔ ጣሊያንኛ የማውቀው ጋራዥ ደጃፍ የሚነገረውን ነው፤ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ። በዚያ ሐዘን አይነገርም። እጄን ከእጇ አወጣሁ። ወደ ፎቶው ጠቆምኩ፣ ወደ እሱ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩና ጫፉን ከራሴ በላይ አድርጌ ወደ ሰማይ ጎተትኩት። ራሴን ጣል አደረግኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ደረቴን መታሁ። "ፓፓ" አልኳት። እሷ ራሷ ባስተማረችኝ ቃል።

መጀመሪያ አልገባትም። ደግሜ አሳየኋት። ያን ጊዜ ዓይኗ ከነጠላዬ ወደ ፎቶው፣ ከፎቶው ወደ ሊዲያ ሄደ። ሊዲያን በዓይኗ ጠየቀቻት። ይህቺ ልጅ እንደገና ብትዋሽ ኖሮ ይቅር አልላትም ነበር። አንገቷን ደፋች። "ሲ" አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

ጧፉን ከአፈሩ ነቀልኩት። የካፒቴኑ ልጅ ቆማ እያየች፣ ዓይኗን እያየሁ ዘቀዘቅኩት። ነደደ፣ ጣቴን ፈጀኝ፣ ሰሙ ፎቶው ላይ፣ ጺሙ ላይ ተንጠባጠበ። ቃሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምኩት። ጨፈለቅኩት። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አላማተበችም። ማጠጫዋን እንደያዘች ዞረች። ውኃው እየተንቦጫቦጨ ጫማዋን እያራሰው ሄደች፣ ሄደች፣ በሩ ላይ ስትደርስ አንድ ጥድ ሥር ሙሉውን ደፋችው። የአባቷን አበባ ሳታጠጣ።

አሳዘነችሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከኋላዋ ሳያት ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ እንደ እኔው። አዎ፣ ታሳዝናለች። ደስታዬን ግን አልቀነሰውም። ውኃው ከጥዱ ሥር ሲደፋ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከሰማሁት ዘፈን ሁሉ ይጥመኛል። የእናቴ እርግማን መሬት ሳይነካ ደረሰ፤ ያደረሰችውም ልጁ ናት።

እንደተመለስን ተዝካሩን አወጣሁ። ገርጂ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ድንኳን ተጣለ። ጎረቤቶቼ "ማን ሞተብዎት?" እያሉ መጡ። "አባቴ" ስል ፊቴን ያያሉ፣ ዕድሜዬን ይገምታሉ፣ ግራ ይገባቸዋል። ከወለጋ የመጣችው ጎረቤቴ ጴንጤ ናት፣ ተዝካር አትበላም፤ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች። ላይኛው ፎቅ ያሉት የመቀሌ ሰዎች ድስቱንና ወንበሩን አወረዱ። የአባቴ ስም በካህን አፍ ሲጠራ ሰማሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው እሱን ነበር። የነፍስ አባቴ በኋላ ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ "አሁን እንግዲህ ይቅር በይው" አሉኝ። "አባቴ፣ ሌላ ኃጢአት ካለኝ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ቁራጯን ጧፍ እዚያ አልተውኳትም። ብተዋት ደግሞ አንዱ ደግ ሰው መጥቶ ያበራታል። የመነጽር መያዣዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፣ የጣት ያህል ቀርታለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አውጥቼ አሸተትኳት፣ ሽታዋ አለ። ሊዲያ ከበረራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ጠራኋትና እጇን ጧፏ ላይ አስጭኜ አስማልኳት፤ አንዴ ዋሽታኛለችና በባዶ አላምናትም። ስሞት ቀኝ እጄ ውስጥ አድርጋ ትገንዘኛለች። "ምን ሊያደርግልሽ ነው እማዬ፣ ጨርሰሽ የለ?" አለችኝ። መቃብሩን ጨርሻለሁ። ሰውየውን ግን ገና አላገኘሁትም። እዚያ ቤት ድንገት ካጋጠመኝ ባዶ እጄን ልቆም አልፈልግም።